የባሌ እጅ

የባሌ እጅ መንቀጥቀጥ እንደ ጀመረ ከሰው ሁሉ ቀድሜ ያወቅኩት እኔ ነኝ። ያወቅኩትም እጁን አይቼ ሳይሆን ፎጣ ሳጥብ ነው።

ባሌ ፀጉር አስተካካይ ነው። የሥራ ቦታው ከመኖሪያችን ሥር ያለችው ጠባብ ክፍል ናት፤ ሁለት ወንበር፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የተዘረጋ መስታወት፣ ከመስታወቱ ሥር ምላጭ፣ መቀስና የሳሙና ብሩሽ የሚደረደርበት እንጨት። እሱ ሰው ይላጫል፣ እኔ ፎጣውን አጥባለሁ፣ አሰጣለሁ፣ እተኩሳለሁ። ሌሎች ባልና ሚስቶች እየተመካከሩ ይኖራሉ ይባላል፤ እኛ የኖርነው ፎጣ እየተቀባበልን ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን ፎጣ ላይ ሳሙናና ፀጉር እንጂ ሌላ ነገር አይቼ አላውቅም ነበር። አንድ ሰኞ ግን የደም ነጠብጣብ አየሁ። ማክሰኞም አየሁ። ረቡዕ ዕለት ፎጣውን ይዤ ወረድኩና፣ «ዛሬ ደግሞ ማንን አርደህ ነው?» አልኩት።

ዳኛው ተንቀሳቅሶብኝ ነው አለኝ። ዳኛው ማለት ጡረታ የወጣ ደንበኛችን ነው፤ ከኛ በላይ ባለው ፎቅ ይኖራል። ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ፍርድ ሊያነብ የተሰየመ ይመስል ፊቱ ላይ አንዲት ጡንቻ አትንቀሳቀስም። ዝንብ ቢያርፍበት እንኳ አይነቃነቅም። ቢሆንም ባሌን ውሸታም አላልኩትም፤ ባሌ መዋሸት አይችልም። ራሱም እንደዚያ መስሎት ነው።

ደንበኞቹን ግን ሳላመሰግን አላልፍም። አንድም ሰው አፍ አውጥቶ አልተነጫነጨም። አገጫቸው ላይ ቁራጭ ወረቀት ለጥፈው፣ አመስግነው ይወጣሉ። በሰፈራችን የባሌ ደንበኛ ማን እንደሆነ ለማወቅ አገጭ ማየት ብቻ ይበቃ ነበር። ዳኛው፣ ዘንድሮ ቆዳዬ ሳስቷል፣ ይላል። ሌላው፣ ምላጩ አዲስ ነው መሰለኝ፣ ይላል። ይሉኝታ የሚሉት ነገር ሰውን ለካ ደም እስኪወጣው ድረስ ያስቀምጠዋል።

ምላጩ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። አረማመዱ ተንቀራፈፈ፤ ደረጃ ሲወጣ እግሩን ይጎትታል። የሸሚዙን ቁልፎች ቆልፎ እስኪጨርስ ሻዩ ይቀዘቅዛል። ከሁሉ የከፋብኝ ግን ፊቱ ነው። ይህ ሰው ያገባኝ ለምላሴ ነው፤ እኔ ሳወራ እንባው እስኪፈስ የሚስቅ ሰው ነበር። አሁን የሰፈሩን ሰው አንድ በአንድ እያስመሰልኩ ባወራለት እንደ ግድግዳ ያየኛል። ሰለቸሁት ብዬ ደመደምኩ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ብዙ ጠዋት ግን ፎጣ እየተኮስኩ አልቅሻለሁ።

ልጃችን ኢንሹራንስ ውስጥ ነው የሚሠራው። ሥራው ነውና ዓለም ልትቃጠል፣ ልትገለበጥ ወይም ልትሰረቅ አንድ ሐሙስ የቀራት ይመስለዋል። አንድ እሑድ ምሳ ሊበላ መጥቶ የአባቱ እጅ ሹካ ይዞ ሲንቀጠቀጥ አየ። ምሳውን አቋርጦ ወደ ሥራ ቤቱ ወረደ፣ ምላጮቹን ሲያይ ቆየና ፊቱ ተለዋውጦ ተመለሰ።

«አባዬ፣ የምትይዘው የሰው አንገት ነው እኮ» አለ።

ብዙም ሳይቆይ ለሥራ ቤቱ ተከራይ አገኘ። የስልክ ሽፋን የሚሸጥ ጨዋ ልጅ ነው። መጥቶ ዳኛው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እያለ፣ ይቅርታ እየጠየቀ፣ ግድግዳውን በሜትር ለካ። መስታወቱ ይነሳል፣ እዚህ መደርደሪያ ይሆናል፣ ወንበሮቹ ይሸጣሉ አለ። ያለበትን ሱቅ ለቅቆ የሚመጣው ከሦስት ወር በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ውል ይፈረማል፣ ባሌም ያርፋል። ልጄን አልኮንነውም። የተናገረው ውሸት አልነበረም፤ ቆሽቴን ያሳረረውም ይኸው ነው።

ባሌ አልተከራከረም። ልጃችን ከሄደ በኋላ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ እጆቹን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ሲያያቸው አገኘሁት።

«ይህን ሥራ ከተውኩ ምን ልሠራ ነው ጠዋት የምነሳው?» አለኝ።

እኔ ደግሞ መልስ ማጣት አልወድም፤ ስለዚህ ተቆጣሁ። በማግስቱ ለልጄ ደወልኩና ሐኪም ሳያየው የሚሸጥ ወንበር የለም አልኩት። እማዬ፣ እርጅና እኮ ነው፣ ምን ይደረጋል አለኝ። እርጅና ቢሆንማ እኔም በተንቀጠቀጥኩ ነበር፤ አባትህ የሚበልጠኝ በአንድ ዓመት ነው ብዬ ስልኩን ዘጋሁበት።

ቀጠሮ የያዘችልን ልጅ፣ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይዘው ይምጡ አለችን። ሁሉ ከተባለ ሁሉ ነው። የኮመዲኖውን መሳቢያ፣ የወጥ ቤቱን ቁምሳጥን፣ የኮቱን ኪስና የሥራ ቤቱን መደርደሪያ ወደ አንድ ትልቅ ፌስታል ገለበጥኩ። ባሌ፣ ልንሰደድ ነው ወይ አለኝ። ድሮ ቢሆን ይህን እየሳቀ ነበር የሚለው።

ሐኪሟ መነጽሯን ፀጉሯ ላይ የሰካች ወጣት ናት። ፌስታሉን ጠረጴዛዋ ላይ ስዘረግፈው አልሳቀችም፣ አልተቆጣችምም። ወንበሯን ስባ አንድ በአንድ እያነሳች ትጠይቅ ጀመር። ይሄ ለምንድን ነው? ለግፊት። ይሄስ? ለሽንት። ይሄ የዓይን ጠብታስ? እሱ የኔ ነው፣ ጠፍቶኝ ስፈልገው ከረምኩ አልኩና ተቀበልኳት። ይሄስ? እሱ የጫማ ቀለም ነው፣ ከመደርደሪያው ጋር መጥቶ ነው። በመጨረሻ በላስቲክ የታሰሩ ትንንሽ የክኒን እሽጎችን አነሳች።

«ይሄስ ለምንድን ነው፣ አባቴ?»

ባሌ ጉሮሮውን ጠረገ። «እሱ ለጎረቤቴ ነው።»

«ጎረቤትዎ ናቸው የሚወስዱት?»

«አይ፣ የምውጠውስ እኔ ነኝ። ግን ለእሱ ብዬ ነው።»

ሐኪሟ መነጽሯን ከፀጉሯ አውርዳ ዓይኗ ላይ አደረገች። እኔም ዞሬ አየሁት። ነገሩ ከዚያ በኋላ እየተጎተተ ወጣ።

ጎረቤት የተባለው ከሥራ ቤቱ ጎን ያለው የፋርማሲ ባለቤት ነው። ንግግሩ ሁሉ ስለሚጣፍጥ ሰፈሩ ሽሮፕ እያለ ይጠራዋል። አምና ባሌ የበላው ምግብ ተጣልቶት ሲያስመልሰው፣ ክሊኒክ ማስመለስ የሚያቆም ክኒን ለጥቂት ቀን አዘዘለትና ከሽሮፕ ገዛ። ዳነም። ሽሮፕ ቅዳሜ ሊላጭ ሲመጣ፣ ጋሼ ክኒኑ እንዴት ሆነልህ አለው። ባሌ ጨዋ ነውና፣ ነፍስ የዘራብኝ ያንተ ክኒን ነው አለ። ባሌ ከሽሮፕ የመላጫ ዋጋ ተቀብሎ አያውቅም፤ ጎረቤት ነዋ። ሽሮፕም ከዚያን ቀን ጀምሮ በየቅዳሜው ተላጭቶ ሲነሳ አንድ እሽግ መስታወቱ ሥር ያስቀምጥለት ጀመር። ባሌ፣ ሰው በገዛ እጁ ያመጣልኝን እንዴት እጥላለሁ ብሎ ነውር አደረገው። ዝም ብሎ እንዳያስቀምጠው ደግሞ ሽሮፕ በየሳምንቱ፣ ጋሼ እየወሰድክ ነው አይደል፣ ይለዋል። ባሌ መዋሸት አይችልም። ስለዚህ ዋጠው። ጠዋትም ማታም፣ ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ዋጠው።

ሐኪሟ አስነስታ አራመደችው። ክርኑን እያጠፈች ዘረጋች፣ አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን ቶሎ ቶሎ እንዲያጋጥም አዘዘችው። ከዚያ ተቀምጣ አስረዳችን። መድኃኒቱ ለጥቂት ቀን ጥሩ ነው። በዕድሜ የገፋ ሰው ለረጅም ጊዜ ሲወስደው ግን ሰውነቱን ያስረዋል፣ እጁን ያንቀጠቅጠዋል፣ እርምጃውን ያዘገየዋል፣ ፊቱንም ያደርቀዋል። ይህ ሳይታወቅ ቀርቶ ለመንቀጥቀጡ ሌላ መድኃኒት የሚደረብለት ሰው ጥቂት አይደለም አለች።

«ፊቱንም?» አልኩ።

«ፊቱንም፣ እናቴ። ሰውየው ደስ እያለው እንኳ ፊቱ ላይ ላይታይ ይችላል።»

ባሌ ወደኔ ዞረ። «በሆዴ እስቅ ነበር እኮ» አለኝ ቀስ ብሎ። «አልወጣ ብሎኝ ነው።»

እዚያው ሐኪሟ ፊት አለቀስኩ። ደስ ብሎኝ ነው ያለቀስኩት፤ አላፈርኩም።

ክኒኑን ከዛሬ ጀምሮ ያቁሙ አለች። እኔ ደሜ ፈልቶ ፌስታሉን እንዳለ ወደ ቆሻሻ ቅርጫቷ ልገለብጠው ስነሳ እጄን ያዘችኝ። የግፊቱንም የሽንቱንም አንድ ቀን እንኳ እንዳያቋርጡ፤ ያለ ሐኪም ምክር ማቆምም ያው ያለ ሐኪም ምክር እንደ መጀመር ነው አለችኝ። እጁ ይመለሳል ወይ ስላት ቃል አልገባችም። ሳምንታት፣ ምናልባትም ወራት ይፈጃል፤ ብዙ ሰው ይሻለዋል፤ ካልተሻለ ግን ሌላ ምክንያት እንፈልጋለን አለች። ተከራዩ መቼ እንደሚመጣ እሷ አታውቅም። እኔና ባሌ ግን ዓይን ለዓይን ተያየን።

በመንገድ ላይ ባሌ የተጨነቀው ስለ እጁ አልነበረም። ለሽሮፕ ምን ብዬ እነግረዋለሁ እያለ ነበር። ክኒንህን አልፈልግም ማለት ጓደኝነትህን አልፈልግም ማለት ነው ብሎ ድርቅ አለ። ቆይቶ መላ አመጣ፤ እሱ ክኒኑን ይቀበላል፣ እኔ እጥለዋለሁ፣ እሱም እንዳላየ ይሆናል። እየወሰድክ ነው ወይ ሲልህስ? አልኩት። ደጃችን እስክንደርስ እያሰበ ነበር። እኔም ቤት ሳልገባ በቀጥታ ወደ ፋርማሲው ገባሁ።

የሄድኩት ለጠብ ነው፤ የምሰድበውን በመንገድ ላይ አዘጋጅቻለሁ። ሽሮፕ ነጭ ጋውኑን ለብሶ፣ እትዬ ምን ልታዘዝ አለኝ በዚያ ጣፋጭ ድምፁ። እሽጎቹን ባንኮኒው ላይ ዘርግፌ ሐኪሟ ያለችውን አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። ፊቱ ነጣ። ተስማምቶኛል ሲለኝ ሐኪም ቀጥል ያለው መስሎኝ ነበር አለ። እሱ ደግሞ አንተ የምትቀየም መስሎት ነው የሚውጠው አልኩት። በነጻ ተላጭቶ ባዶ እጁን መውጣት ከብዶት እንደነበረ፣ አንዴ ከጀመረ በኋላ ደግሞ ቢያቋርጥ ሰሰተ እንዳይባል ፈርቶ እንደቀጠለ ነገረኝ። ሁለት ትልልቅ ሰዎች እርስ በርስ ሲከባበሩ አንደኛው ሊሽመደመድ ነበር።

«እኔ እኮ ፋርማሲስት ነኝ፣ እትዬ» አለ። «እሱ ዝም ቢል እንኳ እኔ መጠየቅ ነበረብኝ።»

ያዘጋጀሁት ስድብ አፌ ውስጥ ቀረ። ይቅር አላልኩትም፤ ግን በሩን ቀስ ብዬ ዘግቼ ወጣሁ። ለኔ ይህ ብዙ ነው።

በዚያ ሳምንት ቅዳሜ ሽሮፕ አልመጣም። በሚቀጥለውም አልመጣም። አፍሮ ነው። በደጃችን ማለፍ ትቶ በመንገዱ ማዶ ይሄዳል። ሌላ ፀጉር ቤት ሄዶ መላጨት ደግሞ ክህደት ሆኖበት ፂሙን ዝም ብሎ አሳደገው። ደንበኞቹ ልትመንን ነው ወይ ይሉታል አሉ። ባሌ በመስኮት እያየው፣ መስመር እንኳ የለውም እኮ፣ እያለ ይቆጫል።

ባሌ ሰው ላይ ምላጭ ማሳረፍ ትቶ በቶንዶስ ማሽን ፀጉር ብቻ ያስተካክል ነበር። ፂም ሊላጭ ለሚመጣ ሁሉ፣ እጄ ገና ነው፣ እያለ በግልጽ ይነግረዋል። እኔ ደግሞ ፊኛ ገዛሁለት። በወጣትነቱ ሥራውን ሲማር ምላጭ የጨበጠው በፊኛ ነበር፤ የተነፋ ፊኛ ላይ አረፋ ይቀባል፣ ሳይፈነዳ አረፋው ተላጭቶ ካለቀ እጅ በሰለ ይባላል። ሥራ ቤቱ ሳይከፈት ጠዋት ጠዋት እኔ እነፋለሁ፣ እሱ ይላጫል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሰፈሩ ጦርነት የተነሳ እስኪመስለው አፈነዳን። ዳኛው በፒጃማ ወርዶ፣ ማን ነው የሚተኩሰው ብሎ ጠይቋል። ጉንጮቼ በመንፋት ብዛት አብጠው፣ ልጄ ሲያየኝ ጥርስሽን አመመሽ ወይ አለኝ።

ለረጅም ጊዜ ምንም ለውጥ አላየሁም። ሐኪሟ ታገሱ ብላለች፤ ትዕግሥት ግን ከኔ ጋር ተዋውቆ አያውቅም። በየጠዋቱ ከእንቅልፉ ሳይነቃ እጁን አየዋለሁ፣ ሻይ ሲያነሳ አየዋለሁ፣ ምን ታፈጪብኛለሽ እስኪለኝ ድረስ አየዋለሁ። አንድ ጠዋት ፊኛው ፈንድቶ አረፋው ሁሉ ፊቴ ላይ ተለጠፈ። ባሌ አየኝ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ጉንጩ ተነሳ፣ ከዚያ ወንበሩን ይዞ እስኪደገፍ ድረስ ሳቀ። ያን ሳቅ ስንት ጊዜ ናፍቄው ነበር። አረፋውን ሳልጠርግ አቅፌው ቆምኩ፤ ሸሚዙ ተበላሸ፣ የማጥበው እኔ ነኝና ግድ አልሰጠኝም።

ከዚያ ወዲህ የሚፈነዳው ፊኛ እያነሰ መጣ፤ ደረጃውንም እግሩን ሳይጎትት መውጣት ጀመረ። ሐኪሟ በሁለተኛው ቀጠሮ ክርኑን አጥፋ ዘርግታ ደስ አላት፤ ትንሽ ቀርቶታል፣ ግን በጣም ተሽሎታል አለች። ልጄ ግን አልተዋጠለትም። እማዬ፣ ፊኛ አንገት አይደለም አለኝ። ባሌም በልቡ እንደዚያው ሳይል አልቀረም፤ ዳኛው ላጨኝ ብሎ ሁለት ጊዜ ቢቀመጥለት ሁለቴም እምቢ አለው። በሽታው ለቅቆት ፍርሃቱ አልለቀቀውም።

የተከራዩ ቀን ደረሰ። ቅዳሜ ጠዋት ልጄ ውሉን በኮቱ የውስጥ ኪስ ይዞ መጣ። ባሌ ማንም ሳያዘው ምላጮቹን በጨርቅ ይጠቀልል ጀመር። እኔ ከግድግዳው ጋር ተጣብቄ ቆምኩ። ያን ጊዜ በሩ ተከፈተና ሽሮፕ ገባ። ፂሙ ደረቱ ላይ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። ሰላም አላለም፣ ይቅርታም አልጠየቀም።

«ጋሼ፣ ላጨኝ» አለ።

ባሌ መጠቅለሉን አላቆመም። «ክኒኑን ከተውኩ ወዲህ ከፊኛ በቀር የላጨሁት የለም። ብቆርጥህስ?»

«ብትቆርጠኝ አይበዛብኝም» አለ ሽሮፕ፤ ሄዶም ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

ባሌ እኔን አየ፣ ልጃችንን አየ፣ ከዚያ ያንን መስመር የሌለው ፂም አየ። እንደኔ ከሆነ ያሸነፈው የመጨረሻው ነው። ጨርቁን ፈታ። መጀመሪያ በቶንዶስ አሳጠረው፣ በሞቀ ፎጣ ሸፈነው፣ ብሩሹን አረፋ ውስጥ እያዞረ ቆየ። ምላጩን ሲያነሳ እጁ በአየር ላይ ትንሽ ተርገፈገፈ። ልጄ አንድ እርምጃ ወደፊት ተራመደ፤ ክንዱን ያዝኩት። ምላጩ ጉንጩን ሲነካ ግን እጁ ጸጥ አለ። ቀስ ብሎ ነው የሠራው፤ የድሮው ፍጥነት የለም። ከጆሮ ወደ አገጭ፣ ከአገጭ ወደ አንገት፣ በጉሮሮው አጠገብ ትንፋሹን ይዞ፣ ከዚያ በሌላው በኩል። ሽሮፕ ምራቁን እንኳ አልዋጠም። ሲጨርስ ሽሮፕ መንጋጋውን በመዳፉ ዳሰሰ፤ ዓይኑ እርጥብ ነበር።

ተነስቶ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። ባሌ ፊቱን አዞረ፤ ከጎረቤት አልቀበልም ሊል ነው። እጄን ዘርግቼ እኔ ተቀበልኩ። ሁለቱም ደንግጠው አዩኝ። ከዛሬ ጀምሮ አንተ እንደ ሰው ከፍለህ ትላጫለህ፣ እሱም እንደ ሰው ሐኪም ያዘዘለትን ብቻ ካንተ ይገዛል፣ ከዚያ ውጭ የምትሰጣጡት ሰላምታ ብቻ ነው አልኳቸው። ሽሮፕ፣ እንዳልሽ እትዬ አለ። ባሌ ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ሲይዝ አይቼዋለሁ።

ልጄ ይህን ሁሉ ሰዓት የሽሮፕን አንገት ከአንዱ ጆሮ እስከ ሌላው ሲመረምር ነበር፤ ካሳ የተጠየቀበት መኪና ያቀረቡለት ይመስል። ምንም አላገኘበትም። ኮቱን አወለቀና ከነውሉ መስቀያው ላይ ሰቀለው። ከተማሪነቱ ወዲህ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ አያውቅም። ተቀመጠ፣ ክራቫቱን አላላ፣ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ ዓይኑን ጨፈነ። ባሌ ለአፍታ ቆሞ አየው። ከዚያ ፎጣ አለበሰው፣ አረፋውን ቀባው፣ ምላጩን ከአገጩ ሥር አስጠጋ።

«አባዬ» አለ ልጄ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ «ለተከራዩ ዛሬውኑ ደውዬ…»

«ዝም በል» አለው ባሌ። «ምላጭ ይዣለሁ።»